ካምቢዮው ሲለወጥ ሽቦዎቹ ምን ይሁኑ?
መኪናን ከአውቶማቲክ ወደ ማንዋል በመለወጥ ሥራ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ትምህርት

መግቢያ

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ወደ ማንዋል ሲለወጥ በመጀመሪያ ዐይን የሚስበው ብረቱ ነው። አሮጌው ካምቢዮ ይወርዳል፤ ሌላው በቦታው ይሰቀላል፤ የፍሪሲዮን ፔዳል ይጨመራል፤ የማርሽ ዘንጉም ይለወጣል። ይህ ሁሉ አድካሚ ቢሆንም በዐይን የሚታይና በእጅ የሚዳሰስ በመሆኑ ልምድ ያለው መካኒክ ይወጣዋል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ብሎኖቹ ሁሉ ጠብቀው፣ ዘይቱም ተሞልቶ፣ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ድምፅ አያሰማም። ከአሮጌው ካምቢዮ ላይ የተነቀሉ ሽቦዎችም ማረፊያ አጥተው በመኪናው ሆድ ሥር ተንጠልጥለው ይታያሉ።

ወደዚህ ሥራ የሚያስገቡ ምክንያቶች ልዩ ልዩ ናቸው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ጥገና ውድ ነው፤ መለዋወጫውም እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። በአገራችን በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑም፣ በእጅ ያሉትን የነዳጅ መኪኖች ጠግኖ የማቆየትን አስፈላጊነት ከፍ የሚያደርግ ነው። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ የተንጠለጠሉት ሽቦዎች መልስ ይፈልጋሉ። በዚህ ጽሑፍ እያንዳንዱ ሽቦ ቀድሞ ምን ይሠራ እንደነበረ፣ ካምቢዮው ከተለወጠ በኋላስ ምን ሊደረግበት እንደሚገባ በቅደም ተከተል እንመለከታለን። ለዚህም በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የተማርነው የኦም ሕግ ይበቃናል።

ሽቦ ሦስት ነገር ይሸከማል

ሽቦ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ኮረንቲ ነው። ይሁን እንጂ በመኪና ውስጥ ያሉትን ሽቦዎች በሥራቸው ብንከፍላቸው ሦስት ወገን ሆነው እናገኛቸዋለን። የመጀመሪያዎቹ ኃይል ይሸከማሉ፤ አምፖል ያበራሉ፣ ሶሌኖይድ ይስባሉ። ሁለተኛዎቹ መረጃ ይሸከማሉ፤ የመኪናውን ፍጥነት ወይም የማርሹን ቦታ ለኮምፒውተሩ ይነግራሉ። ሦስተኛዎቹ ደግሞ ፈቃድ ይሸከማሉ፤ «አሁን ሞተሩን ማስነሣት ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ይላሉ።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ቁም ነገር አንድ ነው። ከአሮጌው ካምቢዮ የተነቀለ ሽቦ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ቀርቷል። ጥያቄው «ማርሹ በየትኛው ቦታ ነው?» ወይም «ፍጥነቱ ስንት ነው?» ወይም «ማስነሣት ይፈቀዳል?» ሊሆን ይችላል። የሥራው ጥበብ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከአዲሱ ካምቢዮ እውነተኛውን መልስ ማምጣት ነው። ሐሰተኛ መልስም ሞተሩን ሊያስነሣ ይችላል፤ ዋጋው ግን በኋላ የሚከፈል ነው።

የፈቃድ ሽቦ፦ ሞተሪኖው

አውቶማቲክ ካምቢዮ ጎን ላይ የማርሹን ቦታ የሚለይ ስዊች አለ። ዘንጉ ፒ (መቆሚያ) ወይም ኤን (ዜሮ ማርሽ) ላይ ካልሆነ በስተቀር ይህ ስዊች ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን የማስነሻ መስመር ይቆርጠዋል። ሞተሪኖው ራሱ ከመቶ አምፔር በላይ ሊወስድ የሚችል ቢሆንም ያ ከፍተኛ ኮረንቲ ከባትሪው በወፍራም ገመድ በቀጥታ ይመጣል። ስዊቹ የሚቆጣጠረው ሪሌውን ወይም የሞተሪኖውን ሶሌኖይድ የሚቀሰቅሰውን ቀጭን መስመር ብቻ ነው። በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1968 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል የመኪና ደኅንነት ደንብ ቁጥር 102፣ አውቶማቲክ መኪና በወደፊት ወይም በኋላ ማርሽ ላይ ሳለ ሞተሪኖው እንዳይሠራ ያስገድዳል።

ካምቢዮው ሲወርድ ይህ ስዊች አብሮ ይወርዳል። መስመሩም ተቆርጦ ስለሚቀር ሞተሪኖው አይዞርም። በዚህ ጊዜ አቋራጩ መንገድ ሁለቱን የሽቦ ጫፎች አገናኝቶ በፕላስተር መጠቅለል ነው። መኪናው ይነሣል፤ ሥራውም የተጠናቀቀ ይመስላል።

እስኪ የሆነውን በጥሞና እንመርምረው። አውቶማቲክ መኪና ሲቆም ዘንጉ ፒ ላይ ይደረጋል፤ በካምቢዮው ውስጥ ያለ ብረትም ጥርሱን ቆልፎ መኪናውን ይይዛል። ማንዋል ካምቢዮ ግን ይህ መቆለፊያ የለውም። ስለዚህ ጠንቃቃ አሽከርካሪ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ በተለይም በዳገት ላይ፣ መኪናውን ማርሽ ውስጥ ያቆመዋል። እንግዲህ ማንዋል መኪና በማግስቱ ጧት ቁልፉ ሲዞር ማርሽ ውስጥ መገኘቱ የተለመደ ነው ማለት ነው። ሽቦዎቹ እንዲሁ ተገናኝተው ከሆነ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ቁልፉ በዞረ ቅጽበት ሞተሪኖው መኪናውን ወደፊት ይገፋዋል፤ ሞተሩ ከተነሣም ጉዞው ይቀጥላል። ለዓመታት አውቶማቲክ የነዳ ሰው ደግሞ ፍሪሲዮን የመርገጥ ልማድ የለውም። በመኪናውና በግድግዳው መካከል የቆመ ሰው፣ ወይም ቁልፉን በጨዋታ የሚያዞር ሕፃን ቢኖር የሚደርሰውን አደጋ መገመት አያዳግትም። ሁለት ጫፎችን በማገናኘት የተሰጠው መልስ «ሁልጊዜ ይፈቀዳል» የሚል ሐሰተኛ መልስ ነው።

ትክክለኛው መልስ ከፍሪሲዮን ፔዳሉ ይመጣል። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ብቻ የሚገጥም ስዊች በፔዳሉ መቋሚያ ላይ ይታሰራል፤ የማስነሻው መስመርም በእርሱ በኩል በተከታታይ እንዲያልፍ ይደረጋል። በተከታታይ የተያያዘ ስዊች ሲከፈት መላው ዑደት እንደሚቆረጥ ከትምህርታችን እናውቃለን። የስዊቹ ዋጋ ከጠቅላላው ሥራ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አንድ ስዊች፣ ሁለት ሥራ

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን በብዙ መኪኖች ያው የፒና የኤን ስዊች ከፈቃድ በተጨማሪ መረጃም ይሰጣል። ዘንጉ ከኤን ወደ ዲ ሲገባ ቶርክ ኮንቨርተሩ በሞተሩ ላይ ሸክም ይጥላል። የሞተሩ ኮምፒውተር ይህን አስቀድሞ አውቆ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት፣ በጋራዥ አነጋገር ሚኒሞውን፣ በዚያው መጠን ያስተካክላል።

ማንዋል መኪና ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ወይ ዜሮ ማርሽ ላይ ነው፤ ወይ ፍሪሲዮን ተረግጧል። በሁለቱም ጊዜ ከካምቢዮው በኩል ሸክም የለም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ «ኤን» የሚለውን ምልክት ቢያገኝ ለሁኔታው የቀረበ መልስ ነው። የፍሪሲዮኑን ስዊች በቀድሞው ስዊች ቦታ ላይ በግድየለሽነት ብንተካው ግን፣ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር «ኤን»፣ በተለቀቀ ቁጥር «ዲ» የሚል ምልክት ይሄዳል፤ ሚኒሞውም ያለ ምክንያት ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል።

መፍትሔው ሁለቱን ሥራዎች መለየት ነው። በአንዳንድ መኪኖች የኮምፒውተሩ መስመር ከስዊቹ በፊት ካለው ሽቦ ላይ ይቀጠልና፣ ስዊቹ ሲገጥም በሪሌው ጥቅል በኩል ወደ ኔጋቲቭ በመውረዱ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ያሳያል። ዝቅተኛው ቮልቴጅ «ኤን» ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና የቀድሞው ስዊች ሁለት ጫፎች ይገናኛሉ፤ የፍሪሲዮኑ ስዊች ግን ከመገናኛው በፊት፣ ከቁልፉ በሚመጣው ሽቦ ላይ ይገባል። በዚህ አኳኋን ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ «ኤን»ን ያነባል፤ ሞተሪኖው ግን ያለ ፍሪሲዮን ፈቃድ አያገኝም። አሠራሩ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የራሱ የመኪናው የሽቦ ሥዕል ሳይታይ አንድም ሽቦ መቆረጥ የለበትም።

የሶሌኖይዶቹ ሒሳብ፦ የጂፕ ቼሮኪ ምሳሌ

ከእ.ኤ.አ. 1987 እስከ 2001 በተሠሩት ባለ 4.0 ሊትር ጂፕ ቼሮኪ መኪኖች ላይ ኤ ደብሊው 4 የሚባል ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ይገኛል። ሠሪው የጃፓኑ አይሲን ዋርነር ሲሆን፣ ካምቢዮው ቶዮታ በብዙ መኪኖቹ ላይ ከተጠቀመበት ኤ340 ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ይኸው መኪና በማንዋል ካምቢዮም ስለተሠራ ለጥናታችን የተመቸ ምሳሌ ነው።

በዚህ ካምቢዮ ውስጥ አራቱን የወደፊት ማርሾች የሚመርጡት ሁለት ሶሌኖይዶች ናቸው። እያንዳንዱ ሁለት ሁኔታ ብቻ አለው፤ በርቷል ወይም ጠፍቷል። ሁለቱ በአንድነት 2 × 2 = 4 ሁኔታዎችን ይሰጣሉ፦

1ኛ ማርሽ፦ አንደኛው በርቷል፣ ሁለተኛው ጠፍቷል።
2ኛ ማርሽ፦ ሁለቱም በርተዋል።
3ኛ ማርሽ፦ አንደኛው ጠፍቷል፣ ሁለተኛው በርቷል።
4ኛ ማርሽ፦ ሁለቱም ጠፍተዋል።

በኮምፒውተር ትምህርት የምናውቀው የዜሮና የአንድ ሥርዓት እዚህ በዘይትና በብረት ተተርጉሞ እናየዋለን። ሦስተኛው ሶሌኖይድ የቶርክ ኮንቨርተሩን መቆለፊያ ያዝዛል።

በቼሮኪ ላይ እነዚህን ሶሌኖይዶች የሚያዝዘው ኮምፒውተር ከሞተሩ ኮምፒውተር ተለይቶ በዳሽቦርዱ ሥር የተቀመጠ ራሱን የቻለ ሳጥን ነው። ስለዚህ ካምቢዮው ሲወርድ ይህም ሳጥን ሊወጣ ይችላል፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ሥራውን ይቀጥላል። ሁሉም መኪና ግን እንዲህ አይደለም። በብዙ መኪኖች ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያዝዘው አንድ ኮምፒውተር ነው። ይህ ኮምፒውተር በየጊዜው ኮረንቲ ልኮ ሶሌኖይዶቹ በቦታቸው መኖራቸውን ይመረምራል። ሲያጣቸው በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ያበራል፤ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት አውቶሞቢሎች ላይ በሚገኘው የጋራ የብልሽት መለያ ሥርዓትም ፒ0750 እና ፒ0755 የሚሉትን የሶሌኖይድ ቁጥሮች ሊመዘግብ ይችላል። አንዳንዱ ኮምፒውተር ካምቢዮውን ለማዳን ሲል የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል።

«መብራቱን ችላ እንበለው» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ሁልጊዜ የበራ የማስጠንቀቂያ መብራት ማስጠንቀቁን ያቆማል። ነገ እውነተኛ የሞተር ብልሽት ቢደርስ በምን እናውቀዋለን?

ሌላው ዘዴ በሶሌኖይዱ ፋንታ ተመሳሳይ ተቃውሞ ያለው ሬዚስተር ማስገባት ነው። እዚህ ላይ የኦም ሕግ ያስፈልገናል። የእነዚህ ሶሌኖይዶች ተቃውሞ ከ11 እስከ 15 ኦም ነው። 13 ኦም ብንወስድ በ12 ቮልት የሚያልፈው ኮረንቲ 12 ÷ 13 = 0.92 አምፔር ይሆናል። ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኃይል ደግሞ 12 × 0.92 = 11 ዋት ያህል ነው። ሞተሩ ሲሠራና ቮልቴጁ 14 ሲደርስ ወደ 15 ዋት ይወጣል። በሬዲዮ ጥገና የምናውቀው ትንሹ ሬዚስተር የሚችለው ሩብ ዋት ብቻ ነው፤ በዚህ ቦታ ቢገባ በሴኮንዶች ውስጥ ይቃጠላል። የግድ ከተባለ ቢያንስ 25 ዋት የሚችል፣ በብረት ላይ ታስሮ የሚቀዘቅዝ፣ ከፕላስቲክና ከምንጣፍ የራቀ ሬዚስተር ያስፈልጋል።

ይህም ቢሆን ኮምፒውተሩን ማታለል ነው። ከሁሉ የሚሻለው ለዚያው ሞዴልና ለዚያው ዓመት ማንዋል መኪና የተሠራውን ኮምፒውተር ከነሽቦው ማግኘት ነው። የቁልፍ መለያ ኢሞቢላይዘር ባለው መኪና ግን ኮምፒውተሩና ቁልፉ ካልተዋወቁ ሞተሩ እንደማይነሣ መዘንጋት የለበትም። ሁለተኛው አማራጭ ያለውን ኮምፒውተር ማንዋል እንደሆነ አድርጎ እንደገና ማዘዝ ነው። ሬዚስተሩ በመጨረሻ ይመጣል።

ብረት መስሎ የሚታይ መረጃ

የቼሮኪው ምሳሌ ሌላም ትምህርት አለው። የሞተሩ ኮምፒውተር መቼ ማቀጣጠል እንዳለበት የሚያውቀው፣ በሞተሩ ጫፍ የሚዞረውን ክብ ብረት ከሚያነብ ሴንሰር ነው። ከእ.ኤ.አ. 1991 ወዲህ በተሠራው ባለ 4.0 ሊትር ሞተር ላይ በዚህ ብረት ጠርዝ 12 ቁርጦች በሦስት ምድብ አራት አራት ሆነው ተቀርጸዋል። ወደ ማንዋል ሲለወጥ ለአውቶማቲክ የተሠራው ቀጭን ብረት ወጥቶ ፍሪሲዮን የሚሸከመው ከባድ ፍላይዊል ይገባል። ከእ.ኤ.አ. 1991 በፊት የተሠራው ፍላይዊል የቁርጦቹ አቀማመጥ የተለየ ስለሆነ፣ በብሎን ቢገጥምም ለኮምፒውተሩ የማይነበብ ጽሑፍ ይሆንበታል፤ ሞተሩም አይነሣም። ሽቦው ጤነኛ ነው፤ ሴንሰሩም ጤነኛ ነው፤ የጠፋው በብረት ላይ የተጻፈው መረጃ ነው።

የፍጥነት መረጃ

የፍጥነት መቁጠሪያው፣ በብዙ መኪኖችም የሞተሩ ኮምፒውተር፣ መኪናው ምን ያህል እንደሚፈጥን ከካምቢዮው ይጠይቃሉ። በጃፓን ደረጃ መሠረት በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት የመቁጠሪያው ዘንግ በደቂቃ 637 ጊዜ ይዞራል። ሴንሰሩ በአንድ ዙር 4 ምት የሚሰጥ ከሆነ በሴኮንድ 637 × 4 ÷ 60 = 42.5 ምት ይደርሳል ማለት ነው። በአዲሱ ካምቢዮ ላይ ያለው ሴንሰር በአንድ ዙር 8 ምት ቢሰጥ መቁጠሪያው በ60 ፈንታ 120 ያሳያል።

የሴንሰሮቹ ዓይነትም ይለያያል። ሁለት ሽቦ ያለው ማግኔታዊ ሴንሰር የሚያመነጨው ከፍና ዝቅ የሚል ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ነው። ሦስት ሽቦ ያለው ግን የኃይል፣ የኔጋቲቭና የምልክት መስመር ኖሮት ጥርት ያለ ምት ይሰጣል። አንዱን የሚጠብቅ ኮምፒውተር የሌላውን ቋንቋ ላይረዳ ይችላል። ስለዚህ የሴንሰሩ ዓይነትና የምቱ ብዛት ካምቢዮው ከመሰቀሉ በፊት መረጋገጥ አለበት።

የኋላ መብራት፣ ቋሚ ፍጥነትና ቁልፍ

የኋላ ማርሽ መብራት ከሁሉ የቀለለው ነው። በአውቶማቲኩ ላይ የማርሽ ቦታ ስዊቹ ውስጥ የነበረው ሥራ በማንዋሉ ላይ ሁለት ሽቦ ላለው አነስተኛ ስዊች ይሰጣል። ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖሎች 42 ÷ 12 = 3.5 አምፔር ይወስዳሉ። ማራዘሚያው 5 ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ቢሆን ተቃውሞው 0.0175 × 5 ÷ 0.75 = 0.117 ኦም፣ በመንገድ የሚጠፋውም ቮልቴጅ 0.41 ብቻ ነው። ይህ የሚያስኬድ ነው።

መኪናው ፍጥነትን በራሱ ጠብቆ የሚሄድበት መሣሪያ ካለው ሁለተኛ የፍሪሲዮን ስዊች ያስፈልጋል። ይህኛው ከማስነሻው በተቃራኒ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚከፈት መሆን አለበት። አለዚያ አሽከርካሪው ማርሽ ለመለወጥ ፍሪሲዮን በረገጠ ጊዜ መሣሪያው ፍጥነቱ እንዳይወርድ ነዳጅ መስጠቱን ይቀጥላል፤ ሸክም ያጣው ሞተርም ያለ ልክ ይጮኻል።

በብዙ አውቶማቲክ መኪኖች ዘንጉ ፒ ላይ ካልሆነ ቁልፉ ከመሪው አይወጣም። መከልከያው በአንዳንዱ በኤሌክትሪክ፣ በአንዳንዱም በገመድ የሚሠራ ስለሆነ ዘንጉ ሲነሣ ይህም አብሮ መታሰብ አለበት።

ሁለት ሽቦ፣ ብዙ ንግግር

በቅርብ ዘመን መኪኖች ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩት በእ.ኤ.አ. 1986 የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ባስተዋወቀው ካን በተባለ የመረጃ መስመር ነው። ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች በሁለቱ ጫፎቻቸው 120 ኦም ሬዚስተር አላቸው። ሁለቱ በትይዩ ስለሆኑ ባትሪው ተነቅሎ ሲለካ 60 ኦም ሊገኝ ይገባል። የካምቢዮው ኮምፒውተር ከወጣ በኋላ ልኬቱ 120 ኦም ከሆነ አንደኛው የመጨረሻ ሬዚስተር አብሮ ወጥቷል ማለት ነው። ልኬቱ 60 ቢሆንም ሌሎቹ ኮምፒውተሮች የጠፋውን ጓደኛቸውን መልእክት መጠበቃቸው አይቀርም። በእነዚህ መኪኖች ላይ ሥራው ከሽቦ ይልቅ ወደ ፕሮግራም ያደላል።

የሥራ ቅደም ተከተል

ወደ ተግባር የሚገባ ተማሪ የሚከተሉትን ቢጠብቅ ራሱንም መኪናውንም ያድናል።

1. የባትሪው ኔጋቲቭ በቅድሚያ ይነቀል። ፖዘቲቩ ቀድሞ ቢነካ ቁልፉ ከመኪናው አካል ጋር ተገናኝቶ ከባድ ብልጭታ ይፈጥራል።
2. የአየር ከረጢት ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ በማርሽ ዘንጉ አካባቢ ስለሚገኝ፣ በአምራቹ መመሪያ የተወሰነው የመጠበቂያ ጊዜ ሳያልፍ ሶኬቱ አይነካ።
3. እያንዳንዱ ሽቦ ከመነቀሉ በፊት ቀለሙ፣ ቦታውና ሥራው ይጻፍ፤ ኃይል፣ መረጃ ወይስ ፈቃድ መሆኑም ይለይ።
4. የኮምፒውተር መስመሮች በመልቲሜትር እንጂ በመፈተሻ አምፖል አይመርመሩ። ባለ 5 ዋት አምፖል ከ0.4 አምፔር በላይ ይስባል፤ ይህም ለሚሊ አምፔር የተሠራን መስመር ሊያበላሽ ይችላል።
5. ሥራ ያጡ ሽቦዎች ከሥራቸው አይቆረጡ። ጫፋቸው ለየብቻ ተሸፍኖ፣ ከሙቀትና ከውኃ ርቆ ይታሰር።
6. መኪናው ለባለቤቱ ከመመለሱ በፊት፣ ፊት ለፊቱ ማንም ሳይኖርና የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፣ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ቁልፉ ይዙር። ሞተሪኖው ዝም ማለት አለበት።

ማጠቃለያ

ካምቢዮን መለወጥ ብረትን በብረት መተካት ብቻ ሳይሆን በመኪናው ውስጥ የነበረውን ንግግር እንደገና ማስተካከል መሆኑን አይተናል። ሽቦው የሚሸከመው ኃይል ከሆነ ውፍረቱንና ሙቀቱን እናሰላለን፤ መረጃ ከሆነ እውነቱን እናቀርባለን፤ ፈቃድ ከሆነ ደግሞ የሰው ሕይወት ከኋላው እንዳለ እናስባለን። የመጨረሻው ፈተና ቀላል ነው። ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ቁልፉ ሲዞር መኪናው ዝም ካለ፣ ሽቦዎቹ እውነቱን እየተናገሩ ነው።

መልመጃ

ሀ. ተቃውሞው 12 ኦም የሆነ ሶሌኖይድ በ14 ቮልት ስንት አምፔርና ስንት ዋት ይወስዳል?
ለ. በአንድ ዙር 4 ምት የሚሰጠው ከላይ የተጠቀሰው ሴንሰር በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሴኮንድ ስንት ምት ይሰጣል?
ሐ. የኋላ መብራቱ ሽቦ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን በ5 ሜትር ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ ስንት ነው?

መልስ፦ ሀ. 1.17 አምፔር፣ 16.3 ዋት፤ ለ. 70.8 ምት፤ ሐ. 0.61 ቮልት።